ለሻልቫ የተመረጠ ወይን

«ይኼን ከፊቴ አንሱልኝ!» አለ ጉራም፣ ለቀብር መልስ በተዘረጋው ማዕድ ላይ የተደረደሩትን ጠርሙሶች እያየ። «የወንድ ልጅ ሐዘን ነው ወይስ የሕፃን ልደት? የኔ ወይን ይቅረብ!»

ማክቫላ የያዘችውን የዳቦ ሳህን አስቀመጠች። ባሏን አፈር አልብሳ ከተመለሰች ገና ፊቷን እንኳ አልታጠበችም። ጉራም የሟቹ ታላቅ ወንድም ነው፤ መሬት ውስጥ በተቀበረ ጋን የሚጠምቀው፣ ጣፋጭነት የሌለው ደረቅ ወይን በካኼቲ መንደሮች ሁሉ የተመሰገነለት ሰው።

«ጋሽ ጉራም፣ ሻልቫ የሚወደው ጣፋጩን ነው። ራሴ መርጬ ነው ያመጣሁት።»

«ጣፋጭ ነው የምትዪው? ሽሮፕ!»

አንዳንዱ ሳቀ፤ የት እንዳለ ትዝ ሲለው አፉን ያዘ።

ይኼን ሳቅ ማክቫላ ታውቀዋለች፤ ጣፋጭ ወይን በሚጠጣ ወንድ የሚሳቅ ነው። ሙሽራ ሆና በገባች ሰሞን ሻልቫ ወንድሙ በዋንጫ የሞላለትን ወይን ፊቱን ሳያጠቁር ጨለጠና፣ ቤታቸው ሲገቡ «ምላሴ የተለፋ ቆዳ መሰለኝ» አላት። በማግስቱ ቴላቪ ገበያ ወርዳ ጣፋጭ የተባለውን ገዛች። ቀመሰና «ይኼስ የሳል መድኃኒት ነው» ብሎ ሳቀ። ተመልሳ ስትሄድ አንዲት ነጋዴ የራቻ ተራሮችን ቀይ ወይን ቀዳችላት።

«ብርድ ይዞት ፈልቶ ሳይጨርስ የቆመ ነው፤ ጣፋጭነቱ የፍሬው የራሱ ነው። ቅመሽው። ከጣፈጠሽ በኋላ ጎምዘዝ ካላለሽ አትግዢኝ።»

ከዚያ ወዲህ ሳትቀምስ ገዝታ አታውቅም። ጉድጓድ ውኃ ውስጥ ታቀዘቅዘው ነበር። ሻልቫ አንድ ብርጭቆ ይጠጣና ይዘፍን ነበር፤ ያ ወንድሙ ማዕድ ላይ ድምፁ የማይሰማው ሰው።

«አንሱት እኮ አልኩ!» አለ ጉራም።

«ማንም አይነካውም!» አለች ማክቫላ። «ዕድሜውን ሙሉ ያንተን ጠጣልህ!»

እስከዛሬ ከአንቱታ ወርዳበት አታውቅም።

«ታሞ ተኝቶ፣ ውኃ እንኳ አልወርድ ባለው ጉሮሮው፣ ‹ደም ይሆንሃል› ብለህ ያመጣኸውን ወይን እንዳይከፋህ ብሎ ዋጠው። ሌሊቱን ሲያቃጥለው አደረ። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ ‹አንተስ ምን ትወዳለህ?› ብለኸዋል?»

«መቼ ነገረኝ?»

«ትስቅበታለሃ! ሞቶም ሳቅህበት!»

ጉራም ዙሪያውን አየ። ማንም ዓይኑን አላነሳለትም። ለሟቹ የመጀመሪያውን ዋንጫ ማንሣት የታላቅ ወንድም ነው፤ ለቀስተኞቹ ቆመው ይጠብቁታል። እጁን ዘርግቶ ከማክቫላ ጠርሙሶች አንዱን ከፍቶ በዋንጫው ቀዳ፤ እንደ ወጉ ለሟቹ ጥቂት ዳቦው ላይ ጠብ አደረገ።

«ለወንድሜ» አለና ጠጣ። «ቀዝቃዛ ነው።»

«ቀዝቃዛ ነበር የሚጠጣው» አለች ማክቫላ፣ ሳታየው።

ጠርሙሱን ከእጁ ተቀበለችው። በጠርሙሱ አንገት የወረደውን ጠብታ በጥቁር ሻሿ ጫፍ ጠረገች። ጠርሙሱ ከደረቀም በኋላ እጇ መጥረጉን አላቆመም።