የቅዳም ስዑር ቄጠማ

ዘውድነሽ አፏ አላርፍ ብሏት ነው እዚህ ጣጣ ውስጥ የገባችው። "ቄጠማውን ለእኔ ተዉት" ብላ በሰው ሁሉ ፊት ተናገረች። ዘመኑ በፈረንጆቹ ሰማንያ ስድስት ነው፤ አትላንታ ያሉት ሐበሾች በተከራዩት አዳራሽ፣ በራሳቸው ቄስ የመጀመሪያውን ቅዳም ስዑር ሊያከብሩ ነው። ምእመኑ ግንባሩ ላይ የሚያስረው ቄጠማ ከየት ይምጣ? ገበያነሽ፣ "የፈረንጅ ፋሲካ ሲያልፍ በቅናሽ የሸጡትን፣ ቅርጫት ውስጥ የሚነሰነሰውን የፕላስቲክ ሣር ገዝቻለሁ" ስትል ዘውድነሽ ደሟ ፈላ። እሷ በቁሟ እያለች የምን ፕላስቲክ!

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ነጋሽ ከከተማው ወጣ ብሎ ኬኔሶ በሚባል ሰፈር አጠገብ ወዳለ ጫካ ወሰዳት። ነጋሽ ሥራ በሌለው ቀን ሁሉ ጫካ ለጫካ የሚዞር ጎረምሳ ነው። መኪናውን ፓርክ አደረገና መግቢያው ላይ የተተከለውን ማስታወቂያ አነበበላት።

"እትዬ፣ ከእግር መንገዱ አትውጡ ይላል። በዚህ ወር ወፎች መሬት ላይ ነው የሚያቅፉት።"

"እኔ ሣር እንጂ ወፍ ልለቅም መጣሁ?" አለችና ቢላዋዋን ይዛ ወደ ወንዙ ዳር ወረደች።

ለምለሙን ጨብጣ ልትቆርጥ ስትል አንዲት ቡናማ ወፍ ከእግሯ ሥር ብድግ አለች። ክንፏን መሬት ለመሬት እየጎተተች ትንፏቀቃለች። ዘውድነሽ "ውይ የኔ እናት፣ ረገጥኩሽ እንዴ?" ብላ ልታነሣት ተከተለቻት። ወፏ ትንሽ ፈቀቅ፣ ደግሞ ፈቀቅ እያለች ከሣሩ ካራቀቻት በኋላ ቱር ብላ በረረች።

"ደህና ናት እትዬ" አላት ነጋሽ ከመንገዱ ላይ ሆኖ። "ከጎጆዋ ልታርቅዎት ብላ ነው የተጎዳች የመሰለችው።"

ዘውድነሽ ክው አለች። የራሷን ዱካ እየረገጠች ቀስ ብላ ተመለሰች። ቅድም ከጨበጠችው ሣር ሥር፣ ደረቅ ቅጠል በለበሰች ጎጆ ውስጥ፣ ነጠብጣብ ያለባቸው እንቁላሎች አየች። ቢላዋዋን በነጠላዋ ጠቅልላ ወደ መንገዱ ወጣች።

"ታዲያ ቄጠማውስ?" አለ ነጋሽ።

"ወዲያ ማዶ ብንሄድም ሌላዋ ወፍ ታቅፍ ይሆናል። ተወው ልጄ፣ እንሂድ።"

እንዲህ አለች እንጂ መኪና ውስጥ አለቀሰች። ያን ሁሉ ሰው ባዶ ልታስቀር ነው።

አዳራሹ በር ላይ ገበያነሽ የፕላስቲክ ሣሩን ከነከረጢቱ ታቅፋ ቆማለች። ዘውድነሽ አልፋት ገብታ ለመምሬ ብርሃኑ የሆነውን አንድ በአንድ ነገረቻቸው።

"አሳፈርኩዎት አባቴ" አለች።

መምሬ ጎንበስ ብለው ቅድም ከወንዙ ዳር ነጠላዋ ጥለት ላይ የተጣበቀች አንዲት ሣር አነሡ።

"ለኖኅስ ርግቧ ያመጣችለት ምን ያህል ነበር?" አሉ። "አንዲት ቅጠል። ይቺም ወፍ የሰጠችን ናት።"

ሣሯን ከመስቀላቸው ጋር አስረው ምእመኑን በየተራ ግንባር ግንባሩን ዳሰሱበት። ገበያነሽ ከረጢቱን በእግሯ ወደ ወንበር ሥር ገፋ አድርጋ ከዘውድነሽ ኋላ ተሰለፈች።