የዳልቫ ወንበርና የአበዛሽ አፍ

የአበዛሽ እጅ ወርቅ ነው፤ ይሄን ጠላቶቿም አይክዱም። ጠላት ደሞ አላጣችም፤ አፏ ከእጇ ይፈጥናላ። ሲያትል፣ ሌክ ሲቲ ሰፈር፣ የኔነሽ ጸጉር ቤት፣ መስኮቱ ጋ ባለው ወንበር ስምንት ዓመት ሹሩባ ሠርታለች። መስመሩን በወስፌ ታወጣዋለች፣ ክር የመሰለ ሹሩባ ታወርዳለች፣ ከኋላ ጎፈሬውን አበጥራ ስትለቀው ሙሽሪት መስታወቱ ፊት ቆማ እንባዋ ይመጣል። ሴት አያቷ ጎንደር ውስጥ የወይዛዝርት ጸጉር ሠሪ እንደነበሩ ያልሰማ የሲያትል ሐበሻ የለም። ካለም ትናንት በዲቪ የገባ ነው፤ እሱም እስከ እሁድ ይሰማል።

እንዲህ ያለችው ሴት እንግዲህ ደንበኛ አጣች።

መጀመሪያ አንዷ ቀረች፣ ከዚያ እህቷ፣ ከዚያ አክስታቸው። ሩቅ ቢሄዱ እኮ ደግ ነበር። የሄዱት ሦስት እርምጃ ነው፤ ግድግዳው ጋ ወዳለው ወንበር። እዚያ ዳልቫ የምትባል ብራዚላዊት ገብታለች፤ ሳልቫዶር ከሚባል ከተማ የመጣች፣ ጥቁር፣ ዳሌዋ ሁለት ወንበር የሚሞላ፣ ስትሠራ የማትናገር። ሐበሻው ሁሉ አፖይንትመንት እየያዘ እሷ ጋ ይሰለፋል። ባለቤቷ የኔነሽም አንድ ቀን አበዛሽን በአክብሮት ጠርታ፣ የሰርጉ ወር ሲያልቅ ወንበርዎ ካልሞላ ለጥፍር ሠሪ ልሰጠው ነው አለቻት። ጥፍር! አበዛሽ ሦስት ቀን ሙሉ «ጥፍር» የምትለዋን ቃል እንደ እርግማን ስትደጋግማት ሰነበተች።

ጓደኛዋ ጥሩነሽ በስልክ ነገሩን ወዲያው አወቀችው፤ መተት ነው አለች። ዳልቫ መስታወት ጎን ፎቶዋ የተሰቀለውን ነጭ ለባሽ አሮጊት አላየሽም ወይ፣ ጠንቋይ መሆኗ ከፊቷ ያስታውቃል አለች። አበዛሽ ግን የሙያ ሰው ናት፤ መተትን የምታምነው ሌላ ምክንያት ሲጠፋ ነው። የሷ ጥርጣሬ ዊጉ ላይ ነበር። ዳልቫ ዊግ ስትቀጥል መጋጠሚያው አይታይም፤ ከራስ ቅል የበቀለ ነው የሚመስለው። ሶ፣ ይሄን ሙያ መስረቅ አለባት። ጸጉር ደሞ ቆሞ በማየት አይሰረቅም፤ ሥሩ መቀመጥ ነው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሱቁ ባዶ ሲሆን፣ ሻሿን ፈታ ዘጭ አለች ዳልቫ ወንበር ላይ። መስታወቱ ላይ የተለጠፈ የሹሩባ ፎቶ በጣቷ ጠቆመች። ዳልቫ ሳቀችና «ኦኬ፣ ማሚ» አለች።

መጀመሪያ ሁለት መዳፏን አበዛሽ ራስ ላይ አሳረፈችና ዝም ብላ ቆየች፤ ቄስ መስቀል ሲያሳርፍ እንደሚቆየው። ጥሩነሽ እውነቷን ነው፣ እየደገመችብኝ ነው ብላ አበዛሽ ልትነሳ ቃጣት። ግን እጁ ሞቃት ነው። ስንት ዓመት የሰው ራስ ስትዳስስ የሷን የዳሰሰ ማን ነበር? ተቀመጠች።

ከዚያ ሥራው መጣ። ዳልቫ በማበጠሪያዋ ጭራ መስመሩን ሰነጠቀች፣ በአበዛሽ በራሷ ጸጉር ጀመረች፣ ሦስተኛው ጉንጉን ላይ አንድ ክር ዊግ፣ አራተኛው ላይ ትንሽ ጨመር፣ ሕፃን እንደሚያጎርሱት በትንሽ በትንሹ። ቋጠሮ የሚባል ነገር የለም። አበዛሽ በመስታወት እያየች የመጀመሪያው መስመር ሳያልቅ ሙያውን ሰርቃ ጨረሰች። መነሳት ትችል ነበር። ግን አንድ መስመር የተሠራ ራስ ተሸክማ የት ትሄዳለች?

አፏ ደሞ ሥራ መፍታት አይወድም። ፈረንጅ አገር ያለች ብራዚላዊት አማርኛ ከየት ታመጣለች ብላ በአማርኛ ጀመረች። በየኔነሽ ባል ጀመረች፣ በጥሩነሽ ባል ቀጠለች። ዳልቫ «እህም» ትላለች። ይቺ «እህም» ናት ጉዱ። ልክ በቦታዋ ነው የምትገባው፣ ሞቅ ያለች ናት፣ ሌላ ነገር ከሆድ ትጎትታለች። የሰው ባል ሲያልቅ ተራው የራሷ ሆነ። አራተኛው ሰዓት ላይ ለንስሐ አባቷ እንኳን ያልነገረችው ወጣ።

«አያቴ ጎንደርን በካርታም አያውቋትም» አለች። «መርካቶ ሽንኩርት ነበር የሚሸጡት። ጸጉር ሠሪ ቀርቶ ራሳቸው መላጣ ነበሩ። እኔ ሹሩባ የተማርኩት እዚሁ ሲታክ፣ ኤርፖርቱ ጋ ነው፣ ሆቴል ሳጸዳ። በመወልወያ፤ በሞፕ። ብሬክ ሲሰጡኝ ባልዲ ደፍቼ እቀመጥና የሞፑን ክር እጎነጉናለሁ። አለቃዬ አንድ ቀን መጋዘን ሲገባ አሥራ አንድ ሞፕ ሹሩባ ተሠርቶ ቆሞ አገኘው።»

ይሄን ብላ ቀለላት። ከትከሻዋ ኩንታል የወረደ መሰላት። እንደቀለላትም ነገሩ ብልጭ አለላት። ሴቶቹ እዚህ የሚመጡት ለዊጉ አይደለም! ሊተነፍሱ ነው፣ ለማይሰማ ጆሮ። እሷ ጋ ማክሰኞ የተነገረ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቅመም ተጨምሮበት ግቢው ውስጥ ይዞራል። የስንቷን ፍቺ ከዳኛው በፊት ያወጀች እሷ አይደለችም?

«ለካ እጄ አይደለም» አለች ለራሷ። «አፌ ነው።»

ዳልቫ የመጨረሻዋን ሹሩባ ጫፍ ጠበቅ አድርጋ አሰረችና፣ «አዎ፣ አፍሽ ነው» አለቻት። በአማርኛ።

አበዛሽ በወንበሩ ዞራ አፈጠጠችባት። በዚያ ሁሉ ድንጋጤ መሃል እንኳ «አንቺ» መባሏ ትንሽ ቆንጠጥ አደረጋት።

ለካ ዳልቫ ሲታክ ስድስት ዓመት ከሦስት የሐበሻ ልጆች ጋር አንድ አፓርትመንት ኖራለች። ሁሉንም ትሰማለች። አበዛሽ፣ ታዲያ አማርኛ እንደምትሰሚ ለምን አልነገርሻቸውም አለቻት። ማንም አልጠየቀኝም አለች ዳልቫ። ከዚያ የነጭ ለባሿን አሮጊት ፎቶ አሳየቻት።

«አያቴ ናት። ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ ሰፈሩን ሁሉ ትሠራ ነበር። ይሄ ሥራ የኛ ነው፣ ከአፍሪካ በባሪያ መርከብ የመጣ፤ ቅድመ አያቶቻችን ልብስ እንኳ ሳይኖራቸው ይዘውት መጡ። አያቴ ምን ትላለች፦ ሰው ራሱን ጉልበትሽ መሃል ሲያስቀምጥ ጸጉር ብቻ አይደለም የሰጠሽ። ራስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከዚያ ወሬ አይወጣም።»

ከኛ ቤተ ክርስቲያን ግን ይወጣል፣ አለች አበዛሽ በሆዷ፤ የማወጣውም እኔ ነኝ።

እሁድ በአዲሱ ሹሩባዋ ላይ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጆሮዋን አቁማ ቅዳሴ ቆመች። «ሞፕ» የሚል አልሰማችም። በሁለተኛውም እሁድ የለም። በሦስተኛው ቅር አላት ማለት ይቻላል፤ እንዲህ ያለ የሰባ ወሬ እንዴት ዝም ብሎ ይባክናል?

ከዚያ መክሊት የምትባል ሙሽራ መጣች። ለሰርጉ ጸጉሯን በፈረንጅ ተሠርታ ነበር፤ አሁን ለመልሱ፣ ካባ ለብሳ ለምትቀመጥበት ቀን፣ ሹሩባ ፈልጋ በቀጥታ ወደ ዳልቫ ሄደች። ዳልቫ እጇን ይዛ ሦስቱን እርምጃ አሻገረቻትና አበዛሽ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። የመልስ ሹሩባ የሷ ነው፣ አያቷ ጎንደር የወይዛዝርት ጸጉር ሠሪ ነበሩ አለቻት በእንግሊዝኛ። ዓይኗ እንኳ እርግብ አላለም። አበዛሽ ሳቅ ፈልጋ ፊቷን አየች። የለም።

መክሊት እያመነታች ተቀመጠች። «እማማ፣ ሙዚቃ እሰማለሁ፣ ኦኬ?» ብላ ጆሮዋን በስልኳ ማዳመጫ ገመድ ደፈነች። አበዛሽ ወስፌዋን አስቀመጠች። ሁለት መዳፏን ልጅቷ ራስ ላይ አሳረፈችና ቆየች። ከዚያ ሠራች። አንድ ሰዓት አንድ ቃል ሳትናገር ሠራች፤ ይሄ በሕይወቷ ሆኖ አያውቅም። ሁለተኛው ሰዓት ላይ መክሊት አንዱን ገመድ አወጣች፣ ቀጥሎ ሌላውን፣ ከዚያ ማልቀስ ጀመረችና ያለውን ሁሉ ዘረገፈችው።

አበዛሽ «እህም» አለች።

ያን ቀን ማታ ጥሩነሽ ኮል አደረገች። መክሊት ዓይኗ ቀልቶ ወጣች አሉ፣ ምን አለችሽ አለቻት። የአበዛሽ ምላስ አፏ ውስጥ አበጠ። ፎጣ ነከሰች።

«ስለ ዝናብ ነው ያወራነው» አለች በመጨረሻ።

«አራት ሰዓት ስለ ዝናብ?»

«ሲያትል አይደለም እንዴ? ዝናቡ ብዙ ነው።»

በመልሱ ቀን የመክሊትን ራስ ያላየ የለም። ሙሽሪት ራሷ ደሞ ለጓደኞቿ፣ ለእማማ አበዛሽ የነገርኩት የትም አልተሰማም ብላ አወራች፤ እንዲህ ያለው ወሬ ከየትኛውም ይፈጥናል። ወሩ ሳያልቅ የመስኮቱ ወንበር ሞላ፣ ጥፍር ሠሪዋም ሌላ ቤት ፈለገች። መክሊት ምን እንዳለች ጥሩነሽ ዛሬም ትጠይቃለች። አበዛሽ ታውቃለች፤ ዳልቫም ግድግዳው ጋ ሆና ሰምታለች። በሉ ከሁለቱ አውጡት።

አንድ ጠዋት አበዛሽ ሱቁን ስትከፍት የጓዳው ሞፕ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ከላይ እስከ ታች ሹሩባ ተሠርቶ፣ መጋጠሚያው የማይታይ። ዳልቫ ቡናዋን ይዛ ወደ መንገዱ ታያለች።

አበዛሽ ሞፑን ዞራ ዞራ አየችው። ከዚያ ባልዲውን ደፍታ ተቀመጠች።

«ላልቷል» ብላ ከላይ ጀምራ ፈታችው።