በር ላይ የምትጠብቅ እናት

«አረጋውያንን በተቋም ማኖር ማለት ባህልን በቁሙ መቅበር ነው!» አለ ሊቁ፣ ማይክሮፎኑን ጠጋ ብሎ። አገር የሚያውቀው በዚህ ቅጽል ስሙ ነው።

ከሬዲዮ ስቱዲዮው መስታወት ወዲያ ድምፁን የምትቀዳው ታናሽ እህቱ ነበረች። የወንድሟ ምላስ እባብ ከጉድጓድ እንደሚያወጣ ታውቃለች። በውይይቱ ከሊቁ ጋር የምትከራከረው ጠበቃ፣ ጧሪ ያጣን ሰው መንግሥት ካልደገፈው ባህል ብቻውን እንደማያበላ ብትሞግትም አልሆነላትም። ሊቁ በየእሁዱ እናቱን እንዴት እንደሚጠይቅ መተረክ ሲጀምር፣ ጭራሽ ጠበቃዋ ራሷ ዓይኗን ጠረገች።

እህትየው ግን እውነቱን ታውቃለች። ወንድሟ የእናታቸውን ደጅ ከረገጠ ዓመት ሊሞላው ነው። ትናንት ደግሞ ቤት ድረስ የመጣው ሐኪም ለብቻዋ ጠርቶ፣ «የቀሯቸው ቀናት ናቸው፤ ማየት የሚፈልጉት ሰው ካለ ቶሎ ይምጣ» ብሏታል።

ቀረጻው እንዳለቀ ደረጃው ላይ ደረሰችበት።

«ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ ብቅ በልላት። ሐኪሙ ተስፋ ቆርጧል። አንተን አንተን ብላ አለቀች እኮ።»

ሊቁ ሰዓቱን አየ። «አሁን ሌላ መድረክ ላይ ይጠብቁኛል። ስለ ሥነ ምግባር ነው፣ መቅረት አልችልም። ሳምንት እመጣለሁ በያት።»

«ሳምንትን ለሷ ማን ሰጣት?»

መልስ አላጣም፤ እሱ መቼ መልስ አጥቶ ያውቃል! «አንቺ አለሽላት አይደል እንዴ?» ብሎ ትከሻዋን መታ መታ አደረገና ወረደ።

ቅጂውን ለማረም ተቀመጠች። ስለ እናቱ ያወራባትን ሁለት ደቂቃ ቆርጣ ልትጥላት እጇን ዘረጋች። ነጭ ውሸት ናት። ኋላ ግን፣ እማ ዓይኑን ካላየች ድምፁን እንኳ ትስማ ብላ ተወቻት። ራሷን ጠላች።

ከሰዓት በኋላ ቤት ገብታ ሬዲዮኑን እናቷ ትራስ አጠገብ አድርጋ ከፈተችላት። እናትየው ልጇን ወዲያው ለየችው፤ የደረቀ ከንፈሯ ፈገግ አለ።

«...ገና መንገድ ላይ ሳለሁ ልቧ ያውቃል። ሁሌ እሁድ፣ በር ላይ ቆማ ነው የምትጠብቀኝ።»

እናትየው ዓይኗን ገለጠች። እግሯ መሬት ከነካ ስምንት ወሩ ነው።

«ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

«እሁድ ነው፣ እማ።»

«ታዲያ ምን ያስቀምጥሻል? ደግፊኝ እንጂ! ሰው በር ላይ ካላየኝ ልጄን ውሸታም ሊለው ነው።»

ልጅቱ ብድግ አለች። በእናቷ ብብት ሥር እጇን አስገብታ አነሳቻት። ሁለት እርምጃ እንደሄዱ ትንፋሽ አጥሯቸው ቆሙ። ሊቁ ሬዲዮኑ ላይ ገና እያወራ ነበር።