ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር

ማርያማዊት ከኢትዮጵያ ድንበር ማዶ ባለች የወደብ ከተማ፣ በዩኒቨርሲቲው የሙያ ምክር ቢሮ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ስትሠራ ቀይ እስክሪብቶ ከእጇ ተለይቶ አያውቅም። ተማሪዎቹ «ማዳም ማሪ» ይሏታል፤ ሙሉ ስሟን ከደመወዝ ክፍሉ ሰው በቀር የሚያውቀው የለም ማለት ይቻላል። ሥራዋ ትምህርታቸውን የሚጨርሱትን ልጆች ሲቪ ማረም፣ የልምምድ ቃለ መጠይቅ ማድረግ፣ ስታዥ፣ ማለትም የተግባር ሥልጠና፣ የሚቀበል ድርጅት ማፈላለግ ነው። ሥራውን ታውቅበታለች። ልጆቹም «ማዳም ማሪ ያረመችው ወረቀት ቅርጫት አይገባም» ይላሉ። ይህን ስትሰማ ደስ ይላታል፤ ማንስ ቢሆን ደስ አይለውም?

ያን ሐሙስ ጠዋት ግን ደስታዋን የሚያጠፋ እንግዳ መጣባት። እንግዳዋ ሐዲጃ ናት፤ ወደቡ አጠገብ ያለ የአንድ ትልቅ ትራንዚት ድርጅት የሠራተኞች ኃላፊ። ድርጅቱ ወደ ኢትዮጵያ የሚያልፈውን ኮንቴይነር ከመርከብ አስወርዶ፣ ጉምሩክ አስፈትሾ፣ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ያስረክባል። ሐዲጃ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቅ ብላ ሻይ ትጠጣለች፣ ጎበዝ ተመራቂ እንዳለ ትጠይቃለች። የሚነጋገሩት በፈረንሳይኛ ነው፤ አንቺ መባባል ከጀመሩም ቆይተዋል።

«ያን ልጅ ታስታውሺዋለሽ? ልደቱን?» አለች ሐዲጃ ሻይዋን እያማሰለች።

እንዴት ትረሳዋለች! ሦስት ሳምንት ሙሉ መልስ ስትጠብቅ የከረመችው ለእሱ ነው። ልደቱ ሎጂስቲክስ ተምሮ ከተመረቀ ሁለት ዓመት አልፎታል። የምድር ባቡር ሠራተኛ የነበረው አባቱ ሞቷል፤ እናቱ ካርቲየ 7 ቢስ በሚባለው ሰፈር ልብስ ትሰፋለች። በሁለት ዓመት ውስጥ ያላመለከተበት ድርጅት የለም፤ ለቃለ መጠይቅ የጠራው ግን የሐዲጃ ድርጅት ብቻ ነበር። ይህም ካመለጠው ምን እንደሚሆን ማርያማዊት ማሰብ አትፈልግም ነበር።

«ከመጡት ሁሉ እሱን የሚያክል አላየሁም» ቀጠለች ሐዲጃ። «ፈረንሳይኛው ጥሩ፣ ኮምፒውተሩ ጥሩ፣ ሥርዓቱ ጥሩ። ደንበኞቻችን ግን አዲስ አበባ ናቸው፤ ሾፌሮቹም ሐበሾች። ቀኑን ሙሉ ከእነሱ ጋር ስልክ ላይ የሚነታረክልን ሰው ነው የፈለግነው። ስሙን ሳይ ደስ ብሎኝ፣ አማርኛ ታውቃለህ ወይ አልኩት። መሬት መሬት ሲያይ ቆየና ቀና ብሎ፣ ዓይኔን እያየ፣ አላውቅም አለኝ። ምን ላድርግ? ከአዲስ አበባ ጀንበሬ የሚባል ሰው ልናመጣ ነው፤ እሑድ ሥራ ሲከፈት ይፈርማል። ልጅሽ ትንሽ እንኳ ቢያውቅ ኖሮ እሱን እቀጥር ነበር።»

ማርያማዊት አፏን ከፈተች። «ያውቃል» የምትል አንዲት ቃል ነበረች የምትፈለገው። አልወጣችም። በምትኩ «ሻይ ልጨምርልሽ?» አለች። ፈሪ ናት፤ እዚህ ላይ መደባበስ አያስፈልግም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልደቱ መጀመሪያ ባመጣው ሲቪ ላይ፣ ቋንቋዎች በሚለው ሥር፣ ከሁሉ አስቀድሞ «አማርኛ፦ የእናት ቋንቋ» ብሎ ጽፎ ነበር። ማርያማዊት በቀይ እስክሪብቶዋ ሰረዘችው። በክፋት አይደለም። ከአራት ዓመት በፊት ፅዮናዊት የምትባል፣ ከክፍሏ አንደኛ የወጣች ልጅ ይህንኑ መስመር ጽፋ ለአንድ መሥሪያ ቤት አመልክታ ነበር። ቅድመ አያቷ የባቡር ሐዲዱ ሲዘረጋ ከኢትዮጵያ የመጡ፣ አባቷም እሷም እዚሁ የተወለዱ ናቸው። ማመልከቻዋ «የአገር ልጅ ነው የምንፈልገው» ከሚል ቃል ጋር ተመለሰ። ያቺ አንደኛ የወጣች ልጅ ዛሬ ዱባይ የሰው ቤት ሠራተኛ ናት። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ማርያማዊት ከዚያ ወዲህ የሐበሻ ልጅ ሲቪ በእጇ በገባ ቁጥር አማርኛ የሚለውን መሰረዝ ልማዷ ሆነ።

እውነቱ ከተነገረ ፍርሃቱ ከፅዮናዊትም በፊት ነበረ። ማርያማዊት ራሷ የምድር ባቡር ሰው ልጅ ናት። ሥራ ልትፈልግ በወጣችበት ዓመት «ልጄ፣ ስምሽ ረዝሟል፤ ማሪ ይበቃሻል» ያላት አባቷ ነው። ስሙ አጠረ፣ ሥራው ተገኘ፤ እሷም ሁለቱን አያይዛ ያዘቻቸው። ቢሮ ውስጥ አማርኛ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ልደቱ በመጀመሪያው ቀን መልኳን አይቶ «ጤና ይስጥልኝ» ቢላት የመለሰችለት «ቦንዡር» ብላ ነው። ልጁ አንገቱን ደፋ፤ ከዚያ በኋላ አልሞከራትም።

መስመሩን ስትሰርዝበት ግን ተከራክሯት ነበር። «ማዳም፣ እኔ እኮ እችላለሁ። ቢጠይቁኝስ?»

«ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር አፍህ ላይ አይኑር» አለችው። «ወረቀትህና አፍህ ከተጣረሱ ሁሉንም ይጠረጥሩታል። ቤትህም ስትገባ በፈረንሳይኛ ተናገር፤ ምላስህ ይፍታታ።»

በልምምዱ ላይ የምታውቃቸውን ቋንቋዎች ንገረኝ ብላ ሦስት ጊዜ ጠየቀችው። ሦስቱንም ጊዜ «ፈረንሳይኛ፣ ሱማሊኛ፣ ዐረብኛ፣ እንግሊዝኛ» አለ። «ጎበዝ» አለችው። ልጁ ምክር ሰሚ ነበር፤ የጎዳውም ይኸው ነው።

ሐዲጃ ከወጣች በኋላ ማርያማዊት ለልደቱ ደወለች። ስልኩ ዝግ ነው። ደግማ ደወለች፣ ያው ነው። ናዒማ የምትባል የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ስታዥ ልትጠይቅ ገብታ ፊቷ ብትቀመጥም፣ ማርያማዊት የልጅቷን ጥያቄ ሁለት ጊዜ አስደግማ እንኳ አልሰማችውም። ለሐዲጃ መንገር እንዳለባት ታውቃለች። ግን «መጀመሪያ ልጁን ላግኘው፣ ሌላ ሥራ ይዞም ሊሆን ይችላል» እያለች ራሷን ታታልላለች። ሥራ ይዞ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚደውለው ለእሷ እንደነበር ልቧ ያውቃል።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ፣ እንደ አገሩ ልማድ፣ ቢሮ ተዘጋ። የዕለቱ ጫት የገባበት ሰዓት ስለሆነ ከተማው ጭር ብሏል፤ ሱቆቹ ተዘግተዋል፣ ወንዱ ሁሉ ሊቅም ጥላ ጥላውን ይዟል። ማርያማዊት በዚያ ሙቀት ካርቲየ 7 ቢስ ገባች። የልደቱን እናት፣ ልብስ ሰፊዋን ቡርቱካንን፣ አጠያይቃ ከቆርቆሮና ከጣውላ የተሠራ ቤት አገኘች። የስፌት መኪናዋን በሩ ላይ አስጠግታ በብርሃኑ የምትሰፋ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ ያደረገች ሴት ነበረች።

«ወይዘሮ ቡርቱካን፣ ጤና ይስጥልኝ። ልደቱን ፈልጌ ነው፤ ከዩኒቨርሲቲው ነኝ» አለች ማርያማዊት። አማርኛው ከአፏ ሲወጣ የሰው ልብስ የለበሰች ያህል ተሰማት።

ሴትየዋ መኪናዋን አቆመች። «ማዳም ማሪ ነዎት? ሐበሻ ነዎት እንዴ? እኔ ልጄ ስለ እርስዎ ሲያወራ የፈረንጅ ሴት መስለውኝ ነበር! ይግቡ፣ ይግቡ።» የወንበሩን አቧራ በነጠላዋ ጠርጋ አስቀመጠቻት፤ ቀዝቃዛ ውሃም ሰጠቻት። «ባልባላ ነው ያለው። የጭነት መኪና ማቆሚያው ጋ ጆንያ ያወርዳል። ስልኩን እንዳይሰበር ብሎ ዘግቶት ነው የሚሄደው። ሲጨርስ ይመጣል።»

ማርያማዊት ውሃውን ሳትጠጣ አስቀመጠችው። ሎጂስቲክስ ተምሮ ጆንያ መሸከም፤ ይኼ ነው የእሷ ምክር ያፈራው።

«እርስዎን እግዜር ነው ያመጣልኝ» አለች ቡርቱካን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የምጠይቀው ሰው ስላጣሁ ነው። ልጄን ምን አድርጌው እንደሆነ አላውቅም። ለሥራ ፈተናው ልምምድ ነው ብሎ ቤት ውስጥ በፈረንሳይኛ ብቻ መናገር ጀመረ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይልመድ አልኩ። እኔ የገበያውን ፈረንሳይኛ ነው የምሰማው፣ ስንት ነው፣ ውሰድ፣ ነገ ና። የእሱን የትምህርት ቤቱን አልደርስበትም። ፈተናው አለፈ፤ ልምምዱ ግን አላለቀም። ከዚያ ቀን ወዲህ አንዲት ቃል በአማርኛ አላናገረኝም። እማዬም አይለኝም። ቁርስ ሳቀርብለት ‹መርሲ› ይለኛል፣ ለእንግዳ እንደሚባለው።» መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው። «ምን አጥፍቼ ይሆን?»

«እርስዎ ምንም አላጠፉም» አለች ማርያማዊት። ከዚያም ነገረቻት። ስለ ቀዩ እስክሪብቶ፣ ስለ ተሰረዘው መስመር፣ ልጁ የሰው ፊት ተቀምጦ የእናቱን ቋንቋ አላውቅም እንዳለ፣ አላውቅም በል ያለችውም እሷ እንደሆነች ሁሉንም ነገረቻት። ከመናገሩ ይልቅ ቡርቱካን አለመቆጣቷ ከበዳት። ሴትየዋ ሰምታ ስትጨርስ «እንግዲያስ አፍሮ ነው» አለች። «እኔን አላውቃትም ያለ መስሎት ነው።»

ልደቱ የመጣው አሥር ሰዓት ገደማ ነው። ፀጉሩና ቅንድቡ ላይ የዱቄት ብናኝ አለ። ማርያማዊትን ሲያይ በሩ ላይ ቆመ።

«ልደቱ፣ አጥፍቼብሃለሁ» አለችው በአማርኛ። «አማርኛህን ፈልገውት ነበር። ቦታው የአንተ ነበር።»

ልጁ ፊቱ አልተለወጠም። እጁን በሱሪው ጠረገና በዚያ በተለማመደው ጥሩ ፈረንሳይኛ «አውቃለሁ፣ ማዳም። ሲጠይቁኝ ገባኝ። ግን አንዴ ተናግሬው ነበር» አላት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ማን ይመልሰዋል።

ማርያማዊት ስልኳን አወጣች። ጠዋት ያቃታትን አሁን በሁለቱ ፊት ልታደርገው ነው። ሐዲጃ በሦስተኛው ጥሪ አነሳች፤ ልደቱም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ንግግሩ እንደ ወትሮው በፈረንሳይኛ ነው።

«ሐዲጃ፣ ጠዋት ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ልጁ አማርኛ ያውቃል። ከወረቀቱ ላይ የሰረዝኩት እኔ ነኝ፤ እንዲክድ ያስተማርኩትም እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ለምን?» አለች ሐዲጃ።

«እናንተም እንደ ሌሎቹ ሐበሻ ነው ብላችሁ እንዳትመልሱት ፈርቼ።»

«ጠዋት ፊትሽ ተቀምጬ ሳወራሽስ?» ሐዲጃ መልስ ሳትጠብቅ ቀጠለች፦ «የእኛ ሥራ የጉምሩክ ወረቀት ነው። ኮንቴይነር ውስጥ ያለውን የለም ያለ ሰው ምን እንደሚደርስበት ታውቂያለሽ። ይህ ልጅ ዓይኔን እያየ የእናቱን ቋንቋ አላውቅም አለኝ። ነገ የደንበኛዬን ዕቃ አላየሁም ቢለኝ በምን አውቃለሁ? አንቺስ ማሪ፣ አማርኛ ታውቂያለሽ?»

ማርያማዊት ልደቱን አየችው። እሱ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ያላለቀ ቀሚስ ነው የሚያየው።

«አውቃለሁ። ስሜ ማርያማዊት ነው።»

«አሥር ዓመት ሻይ ጠጥተናል» አለች ሐዲጃ፣ እንደ ማዘን ብላ። ከዚያ ከአንቺ ወደ እርስዎ ተሻገረች። «አዝናለሁ፣ ማዳም። ቦታው ለጀንበሬ ተሰጥቷል። ከእንግዲህ ከእርስዎ ቢሮ ሲቪ ሲደርሰኝ፣ ምን እንደተሰረዘበት ሳልጠይቅ አላነበውም።»

ስልኩ ተዘጋ። ማርያማዊት ናዒማን አሰበች፤ ከናዒማ ኋላ የተሰለፉትንም። የአሥራ አንድ ዓመት ሥራዋ በአንድ ስልክ እንደተበላሸ ገባት፤ ሆኖም ከዚያ ይልቅ የከበዳት በሩ ላይ የቆመው ልጅ ነበር።

ቡርቱካን ከአንዱ ወደ አንዱ ታያለች። ከንግግሩ የያዘችው «ማዳም» የሚለውን ብቻ ነው። «ልጄ፣ ሆነልህ?» አለች።

ልደቱ ወደ እናቱ ዞረ። ሊናገር ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ማርያማዊትም አሁን በአማርኛ ይመልስላታል ብላ ጠበቀች፣ በልቧም ለመነች። ልጁ ግን ዓይኑን ከእናቱ ላይ አነሳና ማርያማዊትን እያየ፣ ቀስ ብሎ፣ አንድም ቃል ሳይሳሳት፣ በፈረንሳይኛ ተናገረ። ከዚያ ባልዲውን አንስቶ ሊታጠብ ወደ ጓሮ ወጣ።

ቡርቱካን የማርያማዊትን ክንድ ያዘች። «ምን አለ? እባክዎ ይንገሩኝ፣ ልጄ ምን አለ?»

ማርያማዊት በሕይወቷ ለማንም አስተርጉማ አታውቅም። የመጀመሪያዋ ለአንዲት እናት የገዛ ልጇን ቃል ማስተርጎም ሆነ።

«ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር አፌ ላይ የለም ነው የሚለው።»

«ምን ማለት ነው?» አለች ቡርቱካን ግራ ገብቷት። «እንዲህ ያለ ነገር ከየት አመጣው?»

ከጓሮ የውሃ ድምፅ ይሰማል።

«ከእኔ ነው» አለች ማርያማዊት።