የካባው የመጨረሻ ጥሪ

ሰፈሩ «ባሩድ» የሚላቸው ሽማግሌ ያን ቀን እግራቸው መሬት አልነካ አለ። ልጃቸው ከድንጋይ ካባው ግርጌ ያለማችው የአትክልት ቦታ ለሰፈሩ የሚከፈትበት ቀን ነው። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ በድማሚት ሲያፈርሱት በኖሩት ጉድጓድ ውስጥ ጎመኑ ለምልሟል፣ ቲማቲሙ ቀልቷል፣ ዱባው እንደ ቤት ልጅ ድንጋዩ ላይ ተንጋሎ ተኝቷል። ማን ያምናል!

ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ የሚወርድ ሰው ጠፋ። ሰፈሩ ከላይ ከአፋፉ ተደርድሮ አንገቱን ያሰግጋል እንጂ ንቅንቅ አይልም። ከመካከላቸው የማዘጋጃ ቤቱ ሰውዬ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ዛሬ ሰው ካልገባበት ጉድጓዱ የቆሻሻ መጣያ ይሆናል ተብሏል።

«አባዬ፣ በናትህ ጥራቸው! ያንተን ድምፅ የማያውቅ የለም» አለች ልጃቸው፣ እንባዋ ሊመጣ ምንም አልቀረው።

ባሩድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ደስታውም ጉጉቱም አንድ ላይ መጣባቸው፤ አፋቸው ግን ከየፍንዳታው በፊት መጮህ የለመደውን አወጣ።

«ይፈነዳል! ሽሹ!»

አፋፉ ላይ የነበረው ሁሉ እግሬ አውጪኝ አለ። ጠና ያሉት ጆሯቸውን ይዘው ሮጡ፤ ወጣቶቹ ነገሩ ሳይገባቸው እነሱን ተከተሉ።

«ጉድ ሠራኸኝ አባዬ!»

ባሩድ ክው አሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው ደስ ባላቸው። ትንሽ ቆይቶ የጎረቤታቸው የዳቦ ጋጋሪዋ ጭንቅላት ከአፋፉ ብቅ አለ።

«አንተ ባሩድ! ጨርሰው እንጂ! ካባው የተዘጋ ቀንም ‹ሽሹ› ብለኸን፣ ‹ሰላም ነው› ሳትል ወደ ቤትህ ሄድክ። ታዲያ በምን ልባችን እንግባ?»

እውነቷን ነው። የመጨረሻው ድማሚት እንደፈነዳ የካባው አለቃ «ሥራ አበቃ» ቢሏቸው፣ በብስጭት ዕቃቸውን ጥለው ወጥተው ነበር። ሰፈሩ ይህን ሁሉ ዓመት የእሳቸውን ቃል ሲጠብቅ ኖሯል ለካ! ደስታ ፈነቀላቸው። ዱባው አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ወጡ።

«ሰላም ነው!» ገደሉ ተቀብሎ አስተጋባው። «ሰላም ነው፣ ግቡ!»

ጋጋሪዋ ቀሚሷን ሰብስባ መጀመሪያ ወረደች። ከኋላዋ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ፤ ገሚሱ ጎመኑን ይዳስሳል፣ ገሚሱ ቲማቲሙን ሳያጥብ ይገምጣል። ልጃቸው ዘላ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች።

የማዘጋጃ ቤቱ ሰውዬ ሁሉን ቀድሞ ሸሽቶ ስለነበር የተመለሰው መጨረሻ ነው። መቆሚያ አጣ።

«ጠጋ በሉለት እንጂ!» አሉ ባሩድ፣ እያለቀሱም እየሳቁም።