ለሳህሉ የደረሰው ወረቀት

መምህር እንደሻው ለተማሪ የማይራራ፣ ለራሱ ግን እጅግ የሚራራ ሰው ነበር። ከጎጃም ተመድቦ ሐረር ከመጣ አራት ዓመት ሆኖታል። ፈላና በር አጠገብ፣ እማማ ገላነሽ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። እማማ ገላነሽ ፊደል አልቆጠሩም፤ መሠረተ ትምህርት ሲታወጅ «ወገቤን» ብለው ቀርተዋል። ስለዚህ ሰሜን ጦር ግንባር ላለው አንድ ልጃቸው ለሳህሉ ደብዳቤ የሚጽፍላቸውም፣ የሳህሉን የሚያነብላቸውም እንደሻው ነው። በግቢው ጥሩ ሰው ያስባለውም ይኸው ነበር።

በ1979 ዓ.ም. ጥር ላይ ግን ጌም የሚሉት ነገር ለከፈው። ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም የምትነግድ ለይላ የምትባል ሴት አለች። ከበርበሬው ጆንያ ጀርባ ደግሞ በድሬዳዋ በኩል የሚገባ ኮንትሮባንድ ትሸጣለች፤ ሰዓት፣ ሽቶ፣ የእጅ ባትሪ። በዚያ ሰሞን ከመዳፍ የማይበልጡ፣ መስተዋታቸው ላይ ትንንሽ ጥቁር ሰዎች የሚሯሯጡባቸው መጫወቻዎች መጡላት።

«ወላሂ መምህር፣ ለእኔ ሁሉም አንድ ናቸው» አለችው። «ውሰድና ተጫወትባቸው። የትኛው ጥሩ፣ የትኛው የማይረባ እንደሆነ ጽፈህ አምጣልኝ። ገዢ ሲጠይቀኝ አፌን ይዤ አልቅር።»

እንደሻው ለከባድ የመንግሥት ሥራ የታጨ ይመስል ኮስተር ብሎ ሦስቱን ኮቱ ኪስ ከተታቸው። ከዚያ ወዲያ ሰውዬው ሰው አልሆነም። የተማሪ ደብተር ሳይታረም ተከመረ። ሽንት ቤት እንኳ ይዟቸው ይገባ ነበር፤ ወረፋ የሚጠብቁት ጎረቤቶች ሆዱን አሞት መስሏቸው አዘኑለት።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እማማ ገላነሽ እያለከለኩ መጡ። የሳህሉ ጓደኛ ፈቃዱን ጨርሶ ወደ ግንባር ሊመለስ ነው፤ መኪናው ሳይነሣ ደብዳቤ ይጻፍልኝ አሉ። ዱካ ስበው ከበሩ ሥር ተቀመጡና ይናገሩ ጀመር። እንደሻው አንዱ ጉልበቱ ላይ ደብተር፣ ሌላው ጉልበቱ ላይ ጌም አስቀምጧል። ከደብተሩ ሽፋን ሥር አውራ ጣቱ ሥራ ላይ ነች።

«ለፋሲካ ፈቃድ ጠይቅና ና በለው። ጉልበትህን ያምህ ነበር፣ ተሻለህ ወይ በለው። ያቺ የምትወዳት በቅሎ ሞተች... ተው፣ ይኼን አትጻፈው፣ ይከፋዋል። ቤትህን ኖራ ላስቀባልህ ነው በለው።»

«እሺ እማማ፣ ከዚያስ?» ይላል እንደሻው፣ ዓይኑን ከመስተዋቱ ሳይነቅል።

ጠዋት የለይላን ወረቀት ጽፎ ጨርሶ ነበር። ያ ወረቀትና የእማማ ደብዳቤ ሁለቱም ከአንድ ደብተር የተቀደዱ፣ ሁለቱም አራት ቦታ የታጠፉ ናቸው። አንዱን ፖስታ ውስጥ ከተተ፣ በምላሱ አረጠበ፣ አሸገ፣ የሳህሉን ስም ጻፈበት። እማማ ገላነሽ መርቀውት ወደ መኪናው ሮጡ። ሌላውን በማግሥቱ ለለይላ ሰጣት።

በሳምንቱ ገበያ ሲሄድ ለይላ ወረቀቱን መለሰችለት።

«መምህር፣ ይኼ የጌም ወሬ አይደለም። በመሠረተ ትምህርት ፊደሌ እየለቀምኩ አነበብኩት፤ አሳዘነኝ። የማን እናት ናት?»

እንደሻው ወረቀቱን ሲዘረጋው «ለምወድህ ልጄ ለሳህሉ» ይላል። ይባስ ብሎ ደብዳቤው አጭር ነበር። እማማ ያን ያህል ተናግረው እሱ የጻፈው ስድስት መስመር ብቻ ነው። የሳህሉን ጉልበት ጭራሽ ዘሎታል። በራሱ አፈረ።

ግንባር የሄደውን ወረቀት ቃል በቃል ያስታውሰዋል።

«አንደኛው፦ አውሮፕላን ሰዎችን በጃንጥላ ይጥላል፤ ከታች በመኪና መቀበል ነው። 214 ተቀብያለሁ። ሦስት ከሞቱ ያበቃል። ሁለተኛው፦ ድልድይ መጠበቅ ነው፤ ጠላት ሁልጊዜ በግራ ስለሚመጣ ይሰለቻል። ሦስተኛው የታንኩ ነው፤ ከሁሉም ይበልጣል። ሰዎቹ ቢሞቱም አያሳዝኑም፤ እንደገና ይነሣሉ።»

ያን ዕለት ሄዶ ቢናገር ኖሮ ነገሩ በአንድ ቁጣ ያልቅ ነበር። ግን እርስዎ ሲናገሩ እኔ እጫወት ነበር ተብሎ በየትኛው አፍ ይወራል? ዛሬ ነገ ሲል ቀኑ ሄደ። እማማ «ደርሶት ይሆን?» ሲሉት «ይደርሰዋል» ይላቸዋል። የሳህሉ ቤት ኖራ ተቀባ። ለፋሲካ የሚታረድ አውራ ዶሮ ተገዝቶ ግቢው ውስጥ ታሰረ። ጠዋት ጠዋት ሲጮኽ እንደሻው ስሙን የሚጠራው ይመስለዋል።

ፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ቆስሎ የተመለሰ ወታደር የሳህሉን መልስ በእጁ አመጣ። እማማ ዱካቸውን ስበው ተቀመጡ። እንደሻው ድምፁን ሳያሰማ አስቀድሞ በዓይኑ ሮጠበት። መዝለል ይችል ነበር። አንባቢው እሱ፣ ሌላ የሚያጣራ የለም።

«ምን ይላል? ለፋሲካ ይመጣል ወይ?»

እንደሻው ሳይዘል አነበበ።

«እማዬ፣ የላክሽው ወረቀት እኔ እጅ ሳይገባ ጦር ክፍላችን ውስጥ ተከፍቶ ተነበበ። ድልድዩ የት ነው፣ 214ቱ እነማን ናቸው፣ የማን መልእክተኛ ነህ እያሉ አሥራ አንድ ቀን አሰሩኝ። በኋላ አንድ የመቶ አለቃ የመጫወቻ ወሬ መሆኑን ዐውቆ አስፈታኝ። ለፋሲካ የተፈረመልኝ ፈቃድ ግን ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር። የጻፈልሽን ሰው አልቀየምኩትም። ብቻ ሰዎቹ እንደገና ይነሣሉ ያለውን ደጋግሜ አነበብኩት። እዚህ አይነሡም እማዬ።»

ከዚያ እንደሻው የቀረውን ሁሉ ራሱ ተናገረ፤ የለይላን ወረቀት፣ የተሳሳተውን ፖስታ፣ ከደብተሩ ሥር የነበረውን። ይሰድቡኛል፣ ዕቃዬንም ያወጡታል ብሎ አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ።

«እኔ ስነግርህ ትጫወት ነበር?» አሉ እማማ።

«እርስዎ ሲነግሩኝ።»

«መጫወቻውን አምጣው እስቲ።»

ሁለቱን ለለይላ መልሷል፤ ከአውሮፕላኑ ግን መለየት አቅቶት አስቀርቶት ነበር። አብርቶ መዳፋቸው ላይ አኖረው። አውሮፕላኑ መጣ። አንድ ትንሽ ሰው ጃንጥላ ይዞ መውረድ ጀመረ።

«ይኼ የማን ልጅ ነው? ማን ይቀበለዋል?»

«መኪናው ነው እማማ፣ ይቺን ሲጫኑ...»

«ያዘው እንጂ! ወደቀ እኮ!»

እንደሻው እጁን ሰደደ። ሁለት መቶ አሥራ አራት የተቀበለች አውራ ጣት ዘገየች። ሁለተኛውም ወደቀ። ሦስተኛው ሲወድቅ እማማ ዓይናቸውን ጨፈኑ። መጫወቻው ጢጥ ብሎ ቆመ።

«እና አሁን ይነሣሉ?»

«ይነሣሉ እማማ።»

መጫወቻውን መለሱለት። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና ኖራ የተቀባውን ቤት አዩት።

«ደብተርህን አምጣ» አሉ።

እንደሻው አመጣ። ሁለት እጁን ደብተሩ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

«ጉልበትህን ተሻለህ ወይ በለው።»

ጻፈ።

«ጻፍከው?»

«ጽፌዋለሁ።»

«አንብብልኝ» አሉ እማማ ገላነሽ።