በካፖርቱ ገበር ውስጥ

ካፖርቱን ያመጡት ሰዓት ሠሪውን ቤት ያከራዩት መበለት ነበሩ። የግራ ገበሩ መተርተሩን አይተው፣ እሱ ሥራ ላይ ሳለ ከመስቀያው አውርደው ልብስ ሰፊዋ ጋ ከች አሉ። «ብርዱ ሳይጠና ስፊለት የኔ ልጅ፣ እሱ እንደሆነ ለራሱ አያውቅም» ብለዋት ሄዱ። ደግ ሴት ናቸው። የደግ ሰው እጅ ግን አንዳንዴ ከክፉ ሰው ምላስ የባሰ ጣጣ ያመጣል።

ልብስ ሰፊዋና ታላቅ ወንድሟ ወደዚህ ባዕድ ከተማ ከተሰደዱ ስድስት ዓመታቸው ነው። አገራቸው ላይ መንግሥት ሲገለበጥ ዳኛ አባታቸው ተረሸኑ፤ እነሱ ሁለት ድንበር በእግር አቋርጠው አመለጡ። ወንድሟ አሁን የስደተኞች ማኅበር መሪ ሲሆን፣ ማኅበሩ በየሐሙሱ ከስፌት ቤቷ ጓዳ ይሰበሰባል። ሕጉ አንድ ነው፤ ከማኅበሩ ውጭ ያለ የአገራቸው ሰው ሁሉ ሰላይ ነው፣ ሰላምታም የለም። አምና አንድ አባል ወሬ አቀባይ ነው ተባለና በሦስተኛው ቀን ሬሳው ወንዝ ውስጥ ተገኘ። ማን ገደለው ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

እሷ ግን ከመንገዱ ማዶ ካለው ሰዓት ሠሪ ጋር ስምንት ወር ሙሉ ተዋዳለች። የአገሯ ልጅ ነው። በምሳ ሰዓት ከልብስ ማጠቢያው ቤት ደረጃ ሥር ይገናኛሉ፤ ኮቴ በሰሙ ቁጥር ትንፋሻቸውን ይውጣሉ።

ገበሩን ልትሰፋ እጇን ስትሰድ ወረቀት ተንኮሻኮሸ። አወጣችው። ጽሕፈቱ የእሱ ነው። «መሪው ሐሙስ በአሥር ሰዓት በጓሮ በር ብቻውን ይወጣል። በድልድዩ በኩል ያልፋል።»

ሁለቴ አነበበችው። በዚያው ቅጽበት በሩ ተከፈተና ወንድሟ ገባ። ወረቀቱን ብብቷ ውስጥ ወሸቀችው።

«የማን ነው?» አለ ካፖርቱን እየዳሰሰ።

«የመበለቷ ተከራይ።»

«የሰዓት ሠሪው?» እጅጌውን ገልበጥ አድርጎ አየ። «ሸጋ ጨርቅ ነው። ስደተኛ እንዲህ ያለውን ከየት ያመጣል?»

«እኔ በምን አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

ካፖርቱን መልሶ አስቀመጠና ወጣ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ካፖርቱን ታቅፋ መንገዱን ተሻገረች።

ሰዓት ሠሪው ካፖርቱን በእጇ ሲያይ አመድ መሰለ።

«አነበብሽው?»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከመምጣቴ በፊት ጀምሮ። አዲሶቹ ገዢዎች የላኩኝ ለዚሁ ነው።»

«እኔስ? እኔም ሥራህ ነበርኩ?»

«መጀመሪያ አዎ» አለ ዓይኖቹን ሰብሮ። «ኋላ ግን አይደለም። ያ ወረቀት ሦስት ሳምንት እዚያ ተቀምጧል። ብሰጣቸው ወንድምሽ ይሞታል፤ ብከለክላቸው እናቴ እጃቸው ላይ ናት። ነገ ተቀባዩ ይመጣል።»

ግድግዳውን የሞሉት ሰዓቶች ቀጭ ቀጭ ይላሉ። ወረቀቱን ከብብቷ አውጥታ ዘረጋችለት።

«ለተቀባዩ ስጠው» አለችው በመጨረሻ። «ወንድሜ ሐሙስ ከቤት አይወጣም።»

ከሰዓት በኋላ ወንድሟን ጓዳ አስገብታ ድልድዩ ላይ እንደሚጠብቁት ነገረችው።

«ማን ነገረሽ?»

«የምወደው ሰው።»

ወንድሟ በበሩ አሻግሮ የስፌት ጠረጴዛውን አየ። ከዚያ፣ «ካፖርቱ የታለ?» አለ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መመለሻ አልነበራትም። «ጋሼ፣ ያንን ሰው ወንዝ ስትጨምሩት አውቄ ዝም ብያለሁ፤ እስከ ዛሬ እንቅልፍ የለኝም። ይህን ከነካህ ግን ዝም አልልም። አንተን ያዳነህ ሰላይ እንደሆነ፣ ሰላዩም የእህትህ ወዳጅ እንደሆነ አደባባይ ወጥቼ እናገራለሁ።»

እንዲህ ስታናግረው የመጀመሪያዋ ነበር። ወንድሟ እጁን አነሳ፤ ሳይመታት አወረደው። «ከዚህ ከተማ ይጥፋ» አለ። «ደግሞ አታዪውም።»

ሐሙስ መሪው ታመመ ተብሎ ስብሰባው ቀረ። ሁለት ሰዎች ድልድዩ ላይ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቆመው ተመለሱ። ሰዓት ሠሪው ስደተኞቹ ጠርጥረውኛል ብሎ ለአለቆቹ አመለከተ፤ ወደ አንድ የወደብ ከተማ አዛወሩት። ከእሷ ጋር መሰነባበቻ እንኳ አላገኙም።

ሁለት ዓመት አለፈ። ወንድምና እህት በአንድ ማዕድ እየበሉ ያንን ቀን አንስተውት አያውቁም። የሱቋ በር በተከፈተ ቁጥር መርፌው ጣቷን ይወጋታል። አንድ ቀን መበለቲቱ ከሰዓት ሠሪው የመጣ ደብዳቤ አመጡላት። «ትቻቸዋለሁ። ነይ» ይላል፤ ከሥሩ የወደቡ ከተማ ባቡር ጣቢያና ቀን ተጽፏል እንጂ ሌላ የለውም።

የተጻፈው በእሱ እጅ ይሁን እንጂ ማን አጠገቡ ቆሞ እንዳስጻፈው በምን ታውቃለች? ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። በአራተኛው ለወንድሟ ነገረችው። ቀና ብሎም አላያትም። «ወጥመድ ቢሆንስ?» አለ ብቻ።

«ቢሆንም።»

ወደቡ ከተማ ደርሳ ከባቡር ስትወርድ ዓይኑን የጣለባትን ወንድ ሁሉ አንገቷን ደፍታ ታልፈው ነበር። ሰዉ ሳሳ፤ ተሳፋሪው አለቀ። ልትመለስ ስትል ከምሰሶው ጀርባ ብቅ አለ፤ ከስቷል፣ ብቻውን ነው።

«እናትህስ?»

«ባለፈው ክረምት አልጋዋ ላይ አረፈች። ከዚያ ወዲያ የሚይዙኝ በምን ነው?»

ያዘነችው ለእናቱ ይሁን ለራሷ ሳታውቅ አለቀሰች። ሁለቱም እኩል ወደ ኋላቸው ዞር ብለው አዩ። የተከተላቸው አልነበረም። ሻንጣዋን አነሳላትና ከጣቢያው ወጡ።